«ዳሌዋ ተሰበረ» ሲባል ምኗ ነው የተሰበረው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ጉድጓድ ነው። ስፋቷ ከቡና ስኒ አፍ አይበልጥም። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት አለን። የምንቆመው፣ የምንራመደው፣ ተንበርክከን የምንነሳው በእሷ ነው። በአማርኛ ስሟን ጥሩ ብንባል ግን አብዛኞቻችን ዝም እንላለን።

የኑሮ ውድነቱ፣ ፖለቲካው፣ የጸጥታው ነገር እያለ ስለ አጥንት ጉድጓድ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል አይጠፋም። ታገሱኝ። ነገሩ መጨረሻው የገንዘብ፣ የመብትና የቋንቋ ጉዳይ ነው።

አማርኛ ለዳሌ ቃል አላጣም። ዘፋኙ ይዘፍንለታል፣ ልብስ ሰፊው ይለካዋል፣ የሠፈር ወሬኛ ያማዋል። ችግሩ የሚመጣው ዳሌ የታመመ ዕለት ነው። ያን ዕለት ከወገብ በታች፣ ከጉልበት በላይ ያለው አካል ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቀለላል። «ዳሌዬን አመመኝ» የሚል ሰው እጁን የት እንደሚያሳርፍ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ወገቡ ሥር፣ ሌላው መቀመጫው ላይ፣ ሦስተኛው ጎኑ ላይ ያሳርፋል። ዋናው መገጣጠሚያ ግን ወደ ብሽሽት ይቀርባል፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ የሚሰማው እዚያው ብሽሽት ላይ ነው። አንዳንዴ ወርዶ ጉልበት ላይ ይሰማል። የልጆች ሐኪሞች ጉልበቱን የሚያመው ልጅ ሲመጣላቸው ዳሌውንም የሚመረምሩት ለዚህ ነው።

አሁን «ዳሌዋ ተሰበረ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አራት የተለያዩ ጉዳቶችን ትሸፍናለች።

አንደኛው የጭን አጥንት አንገት መሰበር ነው። የጭን አጥንት ላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ የከበበ ራስ አለው። ራሱን ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው ቀጠን ያለ ክፍል አንገት ይባላል። አረጋውያን፣ በተለይ ሴቶች፣ አዳልጧቸው ሲወድቁ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ይኸው አንገት ወይም ከሥሩ ያለው ክፍል ነው። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የተሰበረው የጭን አጥንት ነው፣ ዳሌው ደህና ነው።

ሁለተኛው ጉድጓዷ ራሷ ስትሰበር ነው። ይህ በአብዛኛው ከባድ ኃይል ይፈልጋል። መኪና ሲጋጭ የተሳፋሪው ጉልበት ከፊት ያለውን ዳሽቦርድ ይመታል፤ ኃይሉ በጭን አጥንት በኩል ሽቅብ ሄዶ ጉድጓዷን ይሰነጥቃታል።

ሦስተኛው መውለቅ ነው። አጥንቱ ሳይሰበር ራሱ ከጉድጓዷ ይወጣል።

አራተኛው የዳሌ ቀለበት መሰበር ነው። ዳሌ ግራና ቀኙ ከፊትና ከኋላ ተገናኝቶ እንደ ቀለበት የቆመ አጥንት ነው። ይህ ቀለበት ሲፈርስ ትልቁ አደጋ ስብራቱ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚፈሰው ደም ነው። ሰው ላዩ ሳይቆስል በውስጥ ደም ሊሞት ይችላል።

አራቱም ሕክምናቸው ለየቅል ነው። የወለቀው በሰዓታት ውስጥ መመለስ አለበት፤ በተለምዶ በስድስት ሰዓት ውስጥ ይባላል፤ ከዘገየ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ጉድጓዷ የተሰበረች እንደሆነ ሥራው የተሰበረ ስኒ ስብርባሪ እንደ መግጠም ነውና ልዩ ሥልጠና ያለው ቀዶ ሐኪም ይፈልጋል። አንገቱ የተሰበረ አዛውንት ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይገባላቸዋል። ቀለበቱ የፈረሰበት ደግሞ ከሁሉ በፊት ደሙ መቆም አለበት። እኛ ግን ለአራቱም «ዳሌው ተሰበረ» ብለን ስልክ እንደዋወላለን፣ መዋጮ እንሰበስባለን፣ ወጌሻ ይሻላል ሆስፒታል እያልን እንከራከራለን። ምን እንደተሰበረ ሳናውቅ።

ይህን ነገር እንዳስብበት ያደረገችኝ አክስቴ ናት። ባለፈው ክረምት ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ዝናብ ያረጠበው ኮብልስቶን አዳልጧት ወደቀች። ስልሳዎቹን አጋምሳለች፤ ዳዊት የምትደግም፣ በእግሯ ገበያ ወጥታ በእግሯ የምትመለስ ሴት ናት። ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰድናት፤ ራጅ ተነሳች፤ ተኛች። እኔም አስታማሚ ሆኜ ከረምኩ።

በማግስቱ ሐኪሞቹ ራውንድ ሲወጡ ወጣቱ ዶክተር ለጓደኞቹ በእንግሊዝኛ አስረዳ። ሲጨርስ እኛ በአማርኛ እንዲነግረን ጠየቅነው። ልጁ ትሑት ነው፤ አልተቆጣም። «ቦሉ ነው የተሰበረው፣ ሶኬቱ ደህና ነው» አለን። አጎቴ ከበስተጀርባ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሶኬት? ኮረንቲ ይዟት ነው እንዴ የወደቀችው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ውስጥ የተኙት በሽተኞች ሳይቀሩ ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም።

አጎቴ አልተሳሳተም። በአማርኛ ሶኬት ማለት ግድግዳ ላይ ያለው የመብራት መሰኪያ ነው። ቃሉ ወደ እኛ የገባው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ በኩል ነው እንጂ በሐኪም በኩል አይደለም። ቆይቶ ዶክተሩ «ካፑም ይቀየራል» ሲል ደግሞ የአጎቴ ልጅ ባርኔጣ መስሎት ተገርሞ ያየኝ ነበር። እንግሊዝኛውን ቆርጦ አማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መክተት መተርጎም አይደለም። ሰሚው ቃሉን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በሌላ ትርጉም ነው። ከጭራሹ አለመስማት ይሻላል፤ ያልሰማ ሰው ቢያንስ ይጠይቃል።

ከሰዓት በኋላ የስምምነት ቅጹ መጣ። ሁለት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። አክስቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ መነጽሯን አወለቀች፤ «ያላነበብኩትን አልፈርምም» አለች። ዘመድ በሁለት ተከፈለ። ከገጠር የመጣው ወንድሟ «ወለምታ ነው፤ አንድ ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ» አለ። ሌሎቻችን ቀዶ ሕክምናው ይሻላል አልን። ስለ ጉዳዩ ግን ማንኛችንም የሚጨበጥ ነገር አልነበረንም። «ወለቀ» እና «ተሰበረ» በሚሉ ሁለት ቃላት ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን።

ወጌሻን ለመዝለፍ አይደለም የምጽፈው። የወለቀ ጣት፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት በእጃቸው የሚመልሱ ወጌሾች አሉ፤ ሆስፒታል በሌለበት ያሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ነገር ግን የጭን አጥንት አንገት ከወፍራም ሥጋ ሥር የተቀበረ ነው፤ እሽትም አይደርስበትም፣ በቀርቀሃ ማሰርም አይገጥመውም። የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያነሱት ሌላ ችግርም አለ፦ ከመጠን በላይ የጠበቀ እስር የደም ዝውውር ዘግቶ እግር ወይም እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ወደ የት እንደሚሄድ የሚወስነው በአንድ ቃል ነው። «ወለቀ» ያለ ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ «ተሰበረ» ያለ ምናልባት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል።

ነገሩን የፈታችው የሌሊት ተረኛ የነበረች ሲስተር ናት። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ብዙ ያየች ሴት ናት። አክስቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና እንዲህ ተባባሉ፦

«እማማ፣ ቤትዎ ሙቀጫ አለ አይደል?»

«ሙቀጫ የሌለው ቤት አለ እንዴ ልጄ?»

«ዳሌዎ ውስጥ አንድ ሙቀጫ አለ ይበሉ። ጭንዎ ደግሞ ዘነዘናው ነው። ሙቀጫው ደህና ነው። ዘነዘናው ነው አንገቱ ላይ የተቀነጠሰው። ራሱ ሙቀጫው ውስጥ ቀርቷል፤ እንጨቱ ለብቻው ሆኗል።»

አክስቴ ትንሽ ዝም አለች። «ታዲያ በሽቦ አስረው አይጠግኑትም?»

«ያ ራስ ደሙን የሚያገኘው በአንገቱ በኩል ነው። አንገቱ ሲቆረጥ ደሙም ይቋረጣል። ቢያስሩትም ውሎ አድሮ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው በብረት የሚቀይሩት።»

ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ቀን ሙሉ ያልገባን ነገር ገባን። ግን እኔን የገረመኝ በማግስቱ ጠዋት የሆነው ነው። ወጣቱ ዶክተር ሲመጣ አክስቴ ራሷ ጠየቀችው፦ «ዶክተር፣ ሙቀጫው ደህና ከሆነ ዘነዘናውን ብቻ ለምን አትቀይሩልኝም? ሁለቱንም ለምን ትነካካላችሁ?»

ልጁ ቆም አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጥያቄዋ ልክ ባለሙያዎቹ እርስ በርስ የሚከራከሩበት ጥያቄ ነውና። ራሱን ብቻ መቀየር ቀዶ ሕክምናው አጠር ይላል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ነገር ግን ብረቱ ራስ ጉድጓዷን የለበሰውን ለስላሳ ልም አጥንት በዓመታት ውስጥ እየፋቀ ሊያሳምም ይችላል፤ ይህ ደግሞ ብዙ የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ይብሳል። ሁለቱንም መቀየር ረዘም ያለ ሥራ ነው፣ ውድ ነው፣ የመውለቅ ሥጋቱም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ብዙ ለሚራመድ ሰው ግን በአብዛኛው የተሻለ ይሆናል። ዶክተሩ ይህን ሁሉ በሙቀጫና በዘነዘና አስረዳት። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ የእሷ ሙቀጫ ልባስ ቀድሞም ሳስቶ እንደነበር አሳያት። አክስቴ አሰበች። «እኔ ቁጭ ብዬ የምኖር ሴት አይደለሁም። ሁለቱንም ቀይሩት» አለች። ሲስተሯ ቅጹን መስመር በመስመር በአማርኛ አነበበችላት፤ ከዚያ ፈረመች።

የምለው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ስም የሌለው ነገር ላይ ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም። አክስቴ ሁለት ቀን ዝም ያለችው ፈርታ ወይም ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ የምትጠይቅበት ቃል ስላልነበራት ነው። ቃሉ በተሰጣት ማግስት የጠየቀችው ጥያቄ የቀዶ ሐኪሙን ወንበር አሳበ። የዕቃውን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነበርንና ጥያቄው የኪስም ጥያቄ ነበር፤ አንድ ዕቃ ነው የምንገዛው ሁለት?

«ሙቀጫማ የወጥ ቤት ቃል ነው፤ ሕክምና እንዲህ ባለ ቃል አይነገርም» የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ ላለው ሰው አንድ ነገር ልንገረው። ሐኪሞች በዓለም ሁሉ የሚጠቀሙበት «አሴታቡለም» የሚለው የላቲን ቃል ራሱ የወጥ ቤት ቃል ነው። ሮማውያን ገበታ ላይ ኮምጣጤ የሚያቀርቡባት ትንሽ ስኒ ስም ነች። መስፈሪያም ነበረች፤ ወደ 70 ሚሊ ሊትር ትይዛለች፤ ከኛ የቡና ስኒ ብዙም አትርቅም። ቃሉን የሰሙ ሮማውያን ወዲያው ገበታቸውን ያስቡ ነበር። ዛሬ ከባድና ሳይንሳዊ የመሰለን እኛ ኮምጣጤ ስለማይታየን ነው።

ከሮማውያን በፊት ግሪኮችም እንዲሁ አድርገዋል። በሆሜር ኢልያድ አምስተኛው መጽሐፍ ዲዮሜደስ የተባለው ጀግና ኤንያስን በትልቅ ድንጋይ ዳሌው ላይ ይመታዋል። ገጣሚው ድንጋዩ ያረፈበትን ቦታ ሲናገር ጭን ከዳሌ ጋር የሚዞርበት መሆኑን ገልጾ፣ ሰዎች ጽዋ ብለው እንደሚጠሩት ይነግረናል። ይህ ከ2,700 ዓመት ገደማ በፊት ነው። አድማጩ ሐኪም አልነበረም፤ ግን ድንጋዩ የት እንዳረፈ ያውቅ ነበር።

ዕብራይስጡ «ካፍ» ይለዋል፤ ካፍ መዳፍ ነው፣ ማንኪያም ነው። ዓረብኛው «ሑቅ» ይለዋል፤ ሽቶና ቅባት የሚቀመጥባት ትንሽ ዕቃ ናት። ጀርመኖች የዳሌ መጥበሻ ይሉታል። ቻይኖችና ጃፓኖች ደግሞ ሲስተሯ ያለችውን ነው ያሉት፦ በሕክምና ቃላቸው ውስጥ ያለው ፊደል ሙቀጫ ማለት ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ጉድጓድ ለበሽተኞች መግጠም ሲጀምር፣ የዘመናዊው የዳሌ ቅየራ መሠረት ሲጣል፣ ያችም ዕቃ በእንግሊዝኛ የተጠራችው ስኒ ተብላ ነው። የትኛውም ሕዝብ በወጥ ቤቱ አላፈረም።

እኛስ ምን አለን? ከሉካንዳ ቤት ብንጀምር ብዙ አለን። ቅርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው የበሬን አካል በስም ያውቀዋል፦ ሻኛ፣ ዳቢት፣ ጎድን፣ ወርች፣ ፍሪምባ፣ ታላቅ፣ ሹልዳ፣ ሽንጥ። ቢላዋ የያዘው ሰው የኋላ እግሩን ከዳሌው ሲለይ መገጣጠሚያው የት እንዳለ አይፈልግም፤ እጁ ያውቀዋል። ከእነዚህ ቃላት አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብቷል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዘፍጥረት 32 ላይ ያዕቆብ ሌሊቱን ሲታገል የተነካበት ቦታ «ሹልዳ» ተብሏል። ዕብራይስጡ ግን የሚለው ከላይ ያልናትን ጎድጓዳዋን «ካፍ» ነው። ተርጓሚዎቹ ጉድጓዷን የሚጠራ ቃል ከሕዝቡ አፍ ሲያጡ ሁሉም የሚያውቀውን የሥጋ ስም ወሰዱ። አልፈርድባቸውም፤ ያነበበ ሁሉ ያዕቆብ የት እንደተመታ ገብቶታል። ነገር ግን ሹልዳ ሥጋው ነው፣ ጉድጓዷ አይደለችም። በሬን በሥጋው ስናውቀው የራሳችንን አጥንት ግን ሳንሰይመው ቀረን።

ቃል ለመፍጠር የሞከሩ ምሁራን የሉም አልልም። ግን ብዙ ጊዜ የምናየው መንገድ ከግዕዝ ከባድ ቃል ማውጣት ወይም ሦስት አራት ቃላትን መደርደር ነው፦ የዳሌ አጥንት መገጣጠሚያ ጎድጓዳ ክፍል። ይህ ስም አይደለም፤ መግለጫ ነው። ታማሚ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ በሕመም ተወጥሮ፣ እንዲህ ያለውን ስም ይዞ ጥያቄ አይጠይቅም። ጥሩ ስም የሚባለው አንድ ጊዜ ሰምታችሁ ለጎረቤት መንገር የምትችሉት ነው።

ሐኪሞቹን አልወቅስም። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ውስጥ ሕክምና የሚሰጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት በእንግሊዝኛ አንብቦ፣ በእንግሊዝኛ ተፈትኖ፣ በእንግሊዝኛ ካርድ ጽፎ የወጣ ልጅ አልጋ አጠገብ ሲደርስ አማርኛው ቢያጥረው አይገርምም። በካርዱ ላይ የላቲኑን ቃል ይጻፍ፤ እዚያ ትክክለኛ መሆን አለበት፤ ሌላ አገር ያለ ሐኪም ሊያነበው ይችላል። እኔ የምጠይቀው ካርዱን አይደለም። አልጋው አጠገብ የሚነገረውን ነው።

ደግሞ ነገሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። አልጋው ላይ የተኛው ሰው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማልኛ፣ ወላይትኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ሙቀጫ የሌለው ቤት የለም። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ሞዬ» ብትሉት ይገባዋል። ሁሉም ቋንቋ የራሱ ወጥ ቤት ስላለው አንዱ ከሌላው ቃል መዋስ አያስፈልገውም። የቋንቋ ክርክር በበዛበት አገር ሁሉም በየቤቱ የሚያሸንፍበት ጉዳይ ካለ ይህ ነው።

ስሙ ቢኖረን ሌላም እናተርፍ ነበር። ይህች ጉድጓድ ሕፃን ሲወለድ ገና አጥንት አይደለችም፤ አብዛኛዋ ልም ነው። ሦስት አጥንቶች እሷ ላይ ይገናኛሉ፤ ሙሉ በሙሉ የሚዋሐዱት በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ነው። ጎድጉዳ ክብ የምትሆነው የጭኑ ራስ ውስጧ ተቀምጦ ሲቀርጻት ነው። ራሱ ቦታውን ከለቀቀ ጉድጓዷ ጠፍጣፋ ትሆናለች፤ ልጁም ሲያድግ ያነክሳል። ስለዚህ የሕፃኑ እግር አያያዝ ትልቅ ነገር ነው። እግሮቹን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ራሱን ከጉድጓዷ ያርቀዋል። ጃፓኖች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ጥቅለላ ለማስቀረት አገር አቀፍ ዘመቻ አድርገው የዳሌ መውለቅን በእጅጉ ቀንሰዋል። በማላዊ የተደረገ ጥናት ደግሞ ችግሩ እዚያ በጣም ጥቂት ሆኖ ሲያገኘው ምክንያቱ እናቶች ልጆቻቸውን በጀርባቸው ማዘላቸው ሊሆን ይችላል ብሏል። የታዘለ ሕፃን እግሮቹ ተከፍተው የእናቱን ወገብ ያቅፋሉ፤ ራሱ ጉድጓዷ መሐል ይቀመጣል። አንቀልባ ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ለአንዲት አራስ እንዴት ትነግሯታላችሁ? «ሙቀጫው ገና ሊጥ ነው፤ ቅርጽ የሚያስይዘው ዘነዘናው ነው፤ እግሮቹን አታጣብቂበት፤ ስታዝዪው ግን ደግ አደረግሽ» ብትሏት ለእናቷም፣ ለጎረቤቷም ታስተላልፈዋለች።

አክስቴ ሆስፒታል እያለች ልጇ ከዋሽንግተን ደወለች። የገንዘቡን ነገር ከጨረሱ በኋላ «እዚህ ብትሆኚ አስተርጓሚ ያቆሙልሽ ነበር» አለቻት። እውነቷን ነው። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለማይገባው በሽተኛ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማም በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ አስፈላጊ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አክስቴ ግን ለልጇ የመለሰችላት እንዲህ ብላ ነበር፦ «እኔ አገሬ ላይ ነኝ ልጄ። አስተርጓሚ ምን ይሠራልኛል?»

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰው አገሩ ላይ ሆኖ፣ በቋንቋው በሚናገር ሐኪም ፊት ተኝቶ፣ ስለ ገዛ አጥንቱ የሚሰጠውን ስምምነት በማያነበው ቋንቋ እንዲፈርም ሲጠየቅ፣ ያ ፊርማ ፈቃድ ሊባል አይችልም። የወረቀት ሥርዓት ማሟላት ብቻ ነው። ነገ ክርክር ቢነሳ ወረቀቱ ሆስፒታሉን ይጠብቀዋል፤ ታማሚውን ግን ማንም አልጠበቀውም።

የምጠይቀው ብዙ በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም። የስምምነት ቅጾች ታማሚው በሚያነበው ቋንቋ ይታተሙ። ማንበብ ለማይችለው ጮክ ተብለው ይነበቡለት። በየአጥንት ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ይለጠፍ፦ ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ አንገቱ የት እንደሆነ። የሕክምና ተማሪ ከመመረቁ በፊት አሥር የተለመዱ በሽታዎችን ለአያቱ በሚገባት ቃል ማስረዳት መቻሉ ይፈተን። እንደዚያች ሲስተር ያሉ፣ ለዓመታት አልጋ አጠገብ ቃል ሲፈጥሩ የኖሩ ነርሶች ቃላቸው ይሰብሰብ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከቤተ መጻሕፍት በፊት ወደ ሌሊት ተረኞች ቢሄዱ የሚያገኙት ይበልጣል።

እናንተም የምታደርጉት አለ። የሚቀጥለው ስልክ መጥቶ «እማማ ዳሌያቸው ተሰበረ» ሲባል ወደ መዋጮው ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሙቀጫው ነው ዘነዘናው? ወልቋል ተሰብሯል? ሐኪሙ መልሱን ያውቀዋል። እናንተ ከጠየቃችሁት በሚገባችሁ ቃል ለመመለስ ይገደዳል።

አክስቴ አሁን በከዘራ ትሄዳለች። ፊዚዮቴራፒስቱ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ እንዳትቀመጥ፣ እግሯን አጣምራ እንዳትቀመጥ ነግሯታል። ለምን ብላ ጠየቀችው፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ ሲል ወይም እግር ሲጣመር አዲሱ ራስ ከአዲሱ ሙቀጫ ሊወጣ እንደሚችል ነገራት። በርጩማውን ለጎረቤት ሰጠችው።